ገጹን የማይሞላ ስም

ሟቹን ከብሎኬቱ ሥር ሲያወጡት ሁለት እጆቹ ወደ ጎን እንደተዘረጉ ነበሩ። ከላይ የሚወርድበትን ነገር ያየ ሰው ወይ ይሮጣል ወይ ራሱን ይሸፍናል። ይኼኛው ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ነው የሞተው። ነገሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከነከነኝ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ለምን» ነው የሚሉኝ። የእናቴ ልጅ ሆኜ ስወለድ ያወጡልኝ ስም ሌላ ነው፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩት እሱኑ ስለሆነ ተለጥፎብኝ ቀረ። አልከፋኝም። ከዚህ የባሰ ቅጽል ስም ያላቸው መርማሪዎች አሉ።

ረፋድ ላይ ነበር። ሰባተኛ ፎቅ የደረሰ፣ ገና ያልተለሰነ ሕንፃ፤ ከጎኑ አንድ ረጅም ክሬን። ሽቦው ነፋስ ላይ ይወዛወዛል፣ የኦፕሬተሩ ክፍል ባዶ ነው። ሰውዬው የብሎኬቱ እሽግ እንደወደቀ ወርዶ እግሬ አውጪኝ ብሏል።

«አለቃ፣ የሟቹ መታወቂያ» አለኝ ሳጅን። አብሮኝ ሲሠራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከአፉ የሚወጣው ቃል ሁሉ በሚዛን ነው።

ስሙን ልመዘግብ ጀመርኩ። ከነአያቱ ረጅም ነው፤ የማስታወሻዬ መስመር አለቀብኝ። ደብተሩን ወደ ጎን አዙሬ የቀረውን በኅዳጉ ላይ ሽቅብ ጻፍኩት። ሥራው የቀን ሠራተኛ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚ።

«ጠብ ነበራቸው» አለኝ አንድ ግንበኛ ሳልጠይቀው። «ሟቹና ኦፕሬተሩ። ጠዋት ‹ነፋስ አለ፣ አታንሳ› ብሎ ጮኸበት። ያኛው ደግሞ ‹አንተ ሲሚንቶህን ተሸከም› አለው።»

ሳጅን ቅንድቡን አነሳ። ጠብ ካለ ምክንያት አለ፤ ምክንያት ካለ አደጋ ላይሆን ይችላል።

ተቋራጩ ቢሮው ውስጥ ላቡን በመሃረብ እየጠረገ ጠበቀን። ገና ሳንቀመጥ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ።

«ኦፕሬተሬ የተማረ ነው! ይኸውና የምስክር ወረቀቱ! እኔ ሕጋዊ ሰው ነኝ!»

«ሕጋዊ አይደሉም ያለ አለ?»

ጠጋ ብዬ ወረቀቱን አየሁት። ጥሩ ፍሬም ውስጥ ነው። ዙሪያው በሐረግ ያጌጠ፣ በአግድም የተኛ ሰፊ ገጽ፣ ከላይ የማሠልጠኛ ማዕከሉ ስም፣ ከታች ማኅተም። መሐል ላይ የኦፕሬተሩ ስም፤ ከነአያቱ ዘጠኝ ፊደል ብቻ፣ ደቀቅ ብሎ ተጽፏል። ግራና ቀኙ ባዶ ሜዳ። ይኼን ያህል ቦታ እያለ ስሙን ለምን አሳነሱት? ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጮክ ብዬ ስናገር ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከነፍሬሙ ይዤው ወጣሁ።

*

የማሠልጠኛ ማዕከሉ ዳይሬክተር ጠረጴዛው ላይ አቧራ እንኳ ደፍሮ የማያርፍበት ዓይነት ሰው ነው። መዝገቡን አገላብጦ አንገቱን ነቀነቀ።

«ቁጥሩ የእኛ ነው። ሰውዬው ግን አንድም ቀን ክፍል ገብቶ አያውቅም። የስም መቆጣጠሪያውን ራስዎ ይዩት።»

«ታዲያ ወረቀቱን ማን ሰጠው?»

«እኔ ወረቀቱን በዐይኔ አይቼው አላውቅም። ፊርማዬም ማኅተሙም በማሽን ነው የሚታተመው። ሲስተሙ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ በፕሮግራመሯ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ማማት አልወድም። ግን ተመልከቱ፣ መዝገቡ የተነካው በእሷ የይለፍ ቃል ነው። ከአራት ወር በፊት፣ ወሩ በገባ በአስራ አራተኛው ቀን።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። እውነት ነው፤ የተጠቃሚው ስም የእሷ ነው።

«ያኔ የት ነበረች?»

«የወሊድ ፈቃድ ላይ። ግን ፕሮግራመር እኮ ነች፣ ከአልጋዋም ሆና ትሠራዋለች።»

አዛዣችን ይኼን ሲሰማ ሁለተኛ ሐሳብ አላስፈለገውም። ሰው ሞቷል፣ ሐሰተኛ ሰነድ አለ፣ የይለፍ ቃል አለ። በዚያው ዕለት ከሰዓት ፕሮግራመሯን አስመጣት።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል» አለኝ። «እሷም አብራ። ‹ለምን› ብለህ እንዳትጀምረኝ።»

ጀመርኩት እንጂ። «ለምን ትሠራዋለች? ኦፕሬተሩን አታውቀው፣ ተቋራጩን አታውቀው።»

«እሱን አንተ ፈልግ። እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት።»

*

የሟቹን ሚስት ያገኘኋት ከአንድ ልብስ ንጽሕና መስጫ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። የሰው ልብስ ተኩሳ ነው የምትተዳደረው። የተተኮሱ ሸሚዞች ሽቦ ላይ ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ሊወስዷቸው አልመጡም፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሸሚዜን የሚል ይሉኝታ ያጣ ሰው የለም።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ» አልኳት።

«አሜን። ይቀመጡ።»

«ባልሽ ከኦፕሬተሩ ጋር ጠብ ነበረው?»

«ጠብ?» ትንሽ አሰበች። «እሱ ከማን ጋር ይጣላል? ግን ማታ ማታ ያወራልኝ ነበር። ‹ያ ሰውዬ ኦፕሬተር አይደለም፣ ሸክሙን ሲያዞር አያለሁ፣ አንድ ቀን ሰው ይገድላል› ይለኝ ነበር። ‹አንተ ሲሚንቶ ተሸካሚ፣ በምን አወቅክ?› ስለው ዝም ይላል።»

«ለአለቆቹ አልተናገረም?»

«ማን ይሰማዋል? እሱስ ቢሆን በራሱ መች ይተማመናል? አንድ ጊዜ አንድ ነገር ሞክሮ አልሆነለትም። ከዚያ ወዲህ አንገቱን ደፍቶ ነው የኖረው። ስለዚያ ነገር እንዳነሳበት አይፈልግም፤ አሁንም አላነሳም።»

አፌ ላይ የመጣችውን ጥያቄ ዋጥኳት። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ ቁጭ ብላለች፣ ባሏ ገና አልተቀበረም፣ ምን በወጣኝ ብዬ ነው ቁስሏን የምነካካው? ይኼን ያህል ዓመት «ለምን» ስል ኖሬ፣ አንዴ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። መጠየቅ የነበረብኝ ግን ያኔ ነበር።

*

በማግስቱ ጠዋት ሳጅን ኦፕሬተሩን ከእህቱ ቤት አልጋ ሥር ጎትቶ አመጣው። እህቱ ማን ናት ቢሉ፣ የተቋራጩ ሚስት ናት።

«አልገደልኩትም!» አለ ገና ከመቀመጡ።

«ጠዋት ተጣልታችኋል።»

«ሰደበኝ፣ ሰደብኩት፣ አለቀ። ከዚያ እሽጉን አንስቼ ሳዞር ነፋሱ ወዘወዘው። ሰዎቹ ሸሹ። እሱ ግን ወደ ፊት መጥቶ እንዲህ አደረገ…» ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ፣ አወዛወዛቸው። «ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ማንሻውን ሳብኩት። ከዚያ ሽቦው ተንሸራተተ።»

ሳጅን ከማሠልጠኛው ያመጣነውን መማሪያ መጽሐፍ ገልጦ አሳየኝ። ሥዕል አለበት፤ ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው። ከሥሩ «ወዲያው አቁም» ይላል።

«ይኼን ምልክት አታውቀውም?» አልኩት።

«ከየት አውቀዋለሁ?»

«ወረቀትህ ግን ያውቃል ይላል።»

አቀረቀረ። «ወረቀቱን አማቼ ነው ያመጣልኝ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም።»

የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን እዚያ ላይ ፈረሰ። ሰውዬው ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ የማያውቀውን ማሽን የነካ መሃይም ነው። ግን ሌላ ጥያቄ ወለደልኝ። ኦፕሬተሩ የማያውቀውን ምልክት ሲሚንቶ ተሸካሚው ከየት አወቀው? በደብተሬ ጻፍኩትና ተቋራጩ እስኪመጣ ወደ ፕሮግራመሯ ሄድኩ።

*

የምርመራ ክፍሉ በር ላይ አንዲት አሮጊት የአራት ወር ሕፃን አቅፈው ቆመዋል። ሕፃኑ ጡት ጠብቶ ጠግቦ እንቅልፍ ጥሎታል።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ልጄ ዳዋዋ ናት።»

«እናቴ፣ እሱን ነው እያጣራሁ ያለሁት።»

«ፍጠን እንግዲህ። ይኼ ልጅ ጡጦ አይቀበልም።»

ገባሁ። ፕሮግራመሯ ዐይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው።

«የይለፍ ቃልሽን ለማን ሰጠሽ?»

«ለዳይሬክተሩ። ለወሊድ ስወጣ ሥራ እንዳይቆም ብለው ጠየቁኝ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።»

«ምስክር አለሽ?»

«የይለፍ ቃል ሲሰጥ ምስክር የሚጠራ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

አላየሁም። ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው፣ ጠጋ ብላ ደግማ አየችው፤ ከዚያ ከነእንባዋ ሳቀች።

«ይኼን ነው እኔ ሠራሁት የሚባለው? ኧረ ተዉ!»

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ?»

«ስሙ። የሌላ ሰው ሸሚዝ ለብሷል።»

ወንበሬን ሳብኩ። ትናንት ስለ ስሙ ማነስ አፌ ላይ የቀረው ጥያቄ እዚህች ሴት ጋ መልስ ሳያገኝ አይቀርም። «አስረጂኝ። ቀስ ብለሽ፤ ከኮምፒውተር የማውቀው ማጥፊያውን ብቻ ነው።»

«ቀላል ነው። ፕሮግራሜ የወረቀቱን ፒዲኤፍ ሲሠራ የእያንዳንዱን ሰው ስም መጀመሪያ በስልሳ የፊደል መጠን ይለካዋል። ለስም የተተወለት ቦታ ሃያ አራት ሳንቲም ነው። በስልሳ ከገባለት ይተወዋል። ካልገባለት ልክ ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላ ያሳንሰዋል። እንዳይፈስ፣ እንዳይቆረጥ። ስለዚህ ያነሰ ስም ካዩ ረጅም ስም ነው ማለት ነው፤ ገጹን ይሞላል። አጭር ስም ደግሞ ምንጊዜም ስልሳ ነው፤ ትልቅ ሆኖ መሐል ላይ ይቀመጣል። ይኼ አጭርም ነው፣ ትንሽም ነው። የኔ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ነገር አይወልድም።»

«ታዲያ ማን አሳነሰው?»

«ሌላ ስም። ተሠርቶ ያለቀ ወረቀት ወስደው፣ ስሙን በማስተካከያ ፕሮግራም ፍቀው ሌላ ጻፉበት። ፊደሉ ግን በፊተኛው ሰው ልክ እንደተለካ ቀረ። እኔ ብሠራው ስሙን ቀይሬ አትም ማለት ነው፤ ስልሳ ሆኖ ይወጣልኝ ነበር። ለምን እለፋለሁ?»

«ለምን» ስትል ወደድኳት።

«ሌላ የምስክር ወረቀት አላችሁ? ትክክለኛ፣ ስሙ አጭር የሆነ። ማስመሪያም ስጡኝ።»

ሳጅን ከማዕከሉ ለማነጻጸሪያ ካመጣናቸው አንዱን አቀበላት። በሁለቱም ወረቀት ላይ ያለ አንድ ፊደል መረጠችና ለካች። በትክክለኛው ላይ ቁመቱ አስራ አምስት ሚሊ ሜትር፤ በእኛው ላይ ዘጠኝ።

«ዘጠኝ ለአስራ አምስት። ስልሳው ወደ ሠላሳ ስድስት ወርዷል ማለት ነው።» ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ያሰላል። «በሠላሳ ስድስት ሃያ አራት ሳንቲም የሚሞላ ስም፣ በስልሳ ቢጻፍ አርባ ሳንቲም ይሆናል። ማን እንደሆነ አላውቅም። የስሙን ርዝመት ግን አወቅኩት።»

ሳጅን አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም የሱን ያህል ባይሆንም ከፈትኩ።

«ቆይ» አለች ድንገት። «የጠርዙ ጽሑፍ የታለ?»

«የምን ጠርዝ?»

ትክክለኛውን ወረቀት አስጠጋችልኝ። በግራው ጠርዝ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጭንቅላቴን አዘንብዬ ብቻ የማነበው ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ ስም፣ ቁጥር፣ የሥልጠናው ዓይነት።

«ዘጠና ዲግሪ አዙሬ የምጽፈው ነው። መነሻውን ታች ጥግ ላይ አደርግና አዞረዋለሁ። ከዞረ በኋላ ለእሱ ስፋት ማለት የገጹ ቁመት ነው፤ በዚያ ልክ ይለካል። ስሙ እዚያም አለ። እዚህኛው ላይ ግን የለም።»

ፍሬሙን ፈታሁት። በግራ በኩል ወረቀቱ በምላጭ ተቆርጧል፤ ከፍሬሙ ጠርዝ ሥር ስለተደበቀ ከውጪ አይታይም።

«ፍሬሙ እንዲበቃው ይሆናል የቆረጡት» አለ ሳጅን።

«በቅቶት ነበር። እይ፣ ክፍተቱን በካርቶን ሞልተውታል።»

«የዞረ ጽሑፍ በተራ ማስተካከያ ሲነካ ፊደሎቹ ይበታተናሉ» አለች። «የቆረጠው ሰው ሞክሮ ሲያቅተው ነው። እኔን ምላጭ ምን ያደርግልኛል?»

አዛዡ ጋ ሄጄ ይኼን ሁሉ ስነግረው ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ። «ብልጥ ብትሆንስ? እንዲህ እንድናስብ ብላ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው የስሙን ባለቤት እንፈልገው።»

ሰዓቱን አየ። «አራት ተኩል ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

*

ከእሷ የተያዘው ላፕቶፕ ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ ነበር። ባለሙያችን ቅጂውን ከወሰደ በኋላ ጎኗ ተቀምጬ እንድትሠራበት ተፈቀደ። ሳጅን የዚያን ዙር ሠልጣኞች ዝርዝር አመጣ፤ ያለፉት ሃምሳ ሦስት።

ስሞቹን አንድ በአንድ ለፕሮግራሙ ሰጠችው። ስልሳ። ስልሳ። ሃምሳ ሁለት። ስልሳ። አርባ አንድ። ስልሳ። እኔ እንደ ሎተሪ ጠባቂ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ሃምሳ ሦስቱም አለቁ። ሠላሳ ስድስት የሚባል የለም።

ፕሮግራመሯ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። «ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም» አለች። ውጪ ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀምሯል። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው።

ሞኝ ጥያቄ ከመጠየቅ ግን ቦዝኜ አላውቅም።

«ያልተሳካላቸውስ?»

«ለእነሱ ወረቀት አይሠራም።»

«ላልተሳካለት ሰው ወረቀት ተሠርቶ ቢሆንስ? ማለቴ፣ ከተሠራለት በኋላ አልተሳካልህም ተብሎ ቢሆንስ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ሳጅን ሳልነግረው ሮጠ። ዳይሬክተሩ ፈርሞ ሰሌዳ ላይ የለጠፈው የወደቁት ሰዎች ማስታወቂያ ቅጂ ከወሰድናቸው ወረቀቶች መካከል ነበር፤ ስምንት ስም።

አንደኛው ስልሳ። ሁለተኛው ሃምሳ አምስት። ሦስተኛው ስልሳ። አራተኛውን ስትጽፍ ቆየች፤ ሃያ ሁለት ፊደል ነው። የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነች።

ሠላሳ ስድስት ነጥብ አንድ።

«እሱ ነው!» አለችና ስሙን ከነአያቱ ጮክ ብላ አነበበችው።

ሳጅን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ከፈትኩና ወደ ጎን አዞርኩት፤ ከመስመሩ ተርፎ በኅዳጉ ላይ ሽቅብ የወጣው ስም፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ይኸውና። ሲሚንቶ ተሸካሚው። ምልክቱን ከየት እንዳወቀው አሁን ገባኝ። ክሬኑ ላይ መቀመጥ የነበረበት እሱ ነበር፤ ወረቀቱን ወስደው ለማያውቀው ሰጡት፣ ያም ሰው ከላይ ሆኖ ገደለው።

«ምነው?» አለች ፕሮግራመሯ። «ያውቁታል?»

ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም ብዙ አልቀረኝም።

*

የሟቹ ሚስት ስታየኝ የባሏን ሸሚዝ የምትተኩስበትን ካውያ አስቀመጠች።

«እህቴ፣ ትናንት ያልጠየቅኩሽ ነገር አለ። ሞክሮ አልሆነለትም ያልሽኝ ምንድነው?»

«የክሬን ትምህርት። ዓመት ሙሉ፣ ቀን ሠርቶ ማታ ይማር ነበር። ልምምድ ያወጧቸው እዚያው ሕንፃ ላይ ነው። አልተሳካልህም ሲሉት ተቋራጩ ‹ሲሚንቶ ተሸከም› ብሎ አስቀረው።»

ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሳበች። ውስጡ ደብተር አለ፤ በእርሳስ የተሣሉ እጃቸውን የዘረጉ፣ ያጠፉ፣ ያነሱ ሰዎች። ከደብተሩ መሐል አንድ ደብዳቤ። «በተሰጠው ፈተና ብቁ ሆነው ስላልተገኙ» ይላል፤ ፊርማው የዳይሬክተሩ፣ በእጁ። ቀኑ ወሩ በገባ በአስራ ሁለተኛው ቀን።

መዝገቡ የተነካው በአስራ አራተኛው ነው። ዳይሬክተሩ «አልተሳካልህም» ብሎ ሲፈርም ሲስተሙ ገና «አልፏል» ይል ነበር። ደብዳቤውን አስፈርሜ ወሰድኩት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም፤ እስክጨርስ ድረስ ምላሴን ነከስኩ።

*

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስንገባ ስምንት ተኩል ነበር። ፍሬሙን መልሼ ገጥሜ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የተቆረጠው ጠርዝ አይታይም።

«ይኼን ወረቀት አይተውት አያውቁም፣ አይደል?»

«በፍጹም። ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የሌሎቹ ወረቀቶች ጠርዝ ላይ የዞረ ጽሑፍ አለ። እዚህ ላይ የለም። ፕሮግራመሯ ረስታው ይሆን?»

ፈገግ አለ፤ የሚያውቁ ሰዎች የማያውቁትን ሲያስተምሩ እንደሚሉት። «እሷስ አትረሳም። ወረቀቱ ሲቆረጥ አብሮ ሄዶ ነው።»

«መቆረጡን ማን ነገረዎት?»

ዐይኑ ወደ ፍሬሙ ሄደ፣ ጠርዙን ፈለገ፣ አጣው።

«ገመትኩ… ማለት…»

ደብዳቤውን አስቀመጥኩለት። «በአስራ ሁለት ፈርመዋል። መዝገቡን በአስራ አራት ነክተዋል። ተቋራጩ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት ጣቢያ ሆኖ ለሚስቱ ወንድም ወረቀት የለመነው ማንን እንደሆነ ነግሮናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ጌታዬ።»

ክራቫቱን ላላ አደረገ።

«ከዚያ ሁሉ ሰው ለምን እሱን መረጡ?» አልኩት። ይኼን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«የሚጠይቅ ሰው አይመስልም ነበር» አለ። «ሌሎቹ ዘመድ አላቸው፣ ይመጣሉ፣ ይከራከራሉ። እሱ ደብዳቤውን ተቀብሎ ‹አመሰግናለሁ› ብሎኝ ሄደ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ብዙ ሰው አስሬያለሁ። የዚያን ሰውዬ ካቴና ግን ከወትሮው አጥብቄ ቆለፍኩት።

*

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው አዛዡ የመልቀቂያ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ብዙም አላለም፤ ግን ለፕሮግራመሯ እናት ወንበር እንዲመጣላቸው ራሱ አዘዘ፤ ከእሱ ይኼ ይቅርታ ነው።

ፕሮግራመሯ ልጇን ተቀበለች፣ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።

«መርማሪው፣ አንድ ነገር ላትም?»

«ቤትሽ አትሄጂም እንዴ? ትናንት እስር ቤት ነው ያደርሽው።»

«አምስት ደቂቃ ነው። የሱ ወረቀት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ነበር፤ እጁ አልገባም።»

ሕፃኑን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጻፈች። ጣቢያው ውስጥ ያለው ማተሚያ እያቃሰተ አወጣው። ማኅተም የለውም፣ ሕጋዊውን ማዕከሉ በአዲስ ኃላፊ ሲሰጥ ይሰጣል። ግን ስሙ ከግራ ኅዳግ እስከ ቀኝ ኅዳግ፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳያጎድል ገጹን ሞልቶታል። በጠርዙ ላይም ያው ስም ሽቅብ ቆሟል።

ለሟቹ ሚስት በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ ወሰድንላት፤ እኔ፣ ሳጅንና ፕሮግራመሯ። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ወረቀቱን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው፤ መሐል ያለውን ስም አነበበች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ የጠርዙን።

«ፈተናውን አልፎ ነበር ነው የምትሉኝ?»

«ከክፍሉ ሦስተኛ ነው የወጣው» አለች ፕሮግራመሯ። «የቀድሞው ውጤት ከመጠባበቂያው ላይ ተገኝቷል።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስተኛችው። የታጠፈ ሸሚዝ እንደምታስተካክል ጫፎቹን በመዳፏ ዳበሰች።

«አራት ወር ሙሉ ‹ጭንቅላቴ አልያዘልኝም፣ ደደብ ነኝ› እያለ ነው የኖረው» አለች። «አይዞህ እለው ነበር። አይደለህም ግን ብዬው አላውቅም። እኔም እኮ አምኜው ነበር።»